በመጸው ወራት ከሕፃናት ጋር ተራራ ስለ መውጣት

ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ድረስ ያለው ጊዜ በቀድሞ ሊቃውንት አቈጣጠር መጸው ይባላል። ዛሬ ብዙ ሰዎች ይህንኑ ጊዜ ጸደይ ብለው ይጠሩታል፤ ነገር ግን ጸደይ በመጋቢት 26 ቀን የሚገባው ነውና ስሙን ማቀያየር አይገባም። በመጸው ዝናሙ እየተወገደ ሰማዩ ይጠራል፤ አደይ አበባ ሜዳውንና ተረተሩን ቢጫ ያለብሰዋል፤ ገብሱና ስንዴው ያሸታል፤ ወንዙም ከድፍርስነቱ እየጠራ ይሄዳል። ክረምቱን ሁሉ በቤት ተዘግተው የሰነበቱ ልጆች በዚህ ጊዜ ወደ ተራራ እንውጣ ብለው አባቶቻቸውንና መምህሮቻቸውን ቢለምኑ የሚያስደንቅ አይደለም። መውጣቱም መልካም ነው። እግር ይጠነክራል፤ ዓይን ሩቅ ማየትን ይለምዳል፤ በመጽሐፍ የተነበበው ዛፍና አውሬ በአካል ይታያል።

ነገር ግን መጸው መልኩ የዋህ ቢመስልም ውስጡ እንደ መልኩ አይደለም። ምድሩ የክረምቱን ውኃ ገና አልጨረሰምና ጭቃው ከላይ ደርቆ ቅርፊት ያበጃል፤ ከበታቹ ግን እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ሣሩ ከሕፃን ወገብ በላይ ስለሚያድግ ጉድጓዱንና ድንጋዩን፣ እባቡንም ይሸሽጋል። ጥዋት ብራ የነበረው ሰማይ ከቀትር በኋላ በድንገት ይጠቍርና ነጐድጓድና በረዶ ያወርዳል። ጥቅምት እያለቀ ኅዳር ሲገባ ደግሞ በዝናሙ ፈንታ ውርጭ ይመጣል፤ ቀን ፊትን የሚያቃጥለውን ፀሐይ ሌሊት ውኃን የሚያረጋ ብርድ ይከተለዋል።

ደግሞም ከፍታው አለ። ሰው ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣ ቍጥር የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ ሹራቡን አውልቆ በሸሚዝ የሚሄድ ልጅ ከጫፉ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ሕፃን ደግሞ ከታላቅ ሰው ቀድሞ ይበርደዋል። የዚህም ምክንያት ከማድ ቤት ይታወቃል፤ ትልቅ ድስትና ትንሽ ድስት አብረው ፈልተው አብረው ቢወርዱ ትንሹ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። የሕፃንም ገላ እንዲሁ ነው፤ ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ቆዳው ሰፊ ነውና ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል። አባቱ ገና ላብ ሲያልበው ልጁን ብርድ ሊይዘው ይችላል፤ ስለዚህ ታላቅ ሰው የሕፃኑን ብርድ በራሱ ገላ መለካት አይገባውም።

ጊዜም እንዲሁ ሊታሰብ ይገባል። በኢትዮጵያ ምድር ፀሐይ ከጠለቀች ምሽቱ አይዘገይም። በመጸው ወራት በ12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መንገድ አይታይም። በደን ውስጥ ግን ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወጨጫ የሚባል ተራራ አለ፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ነው። በጐኑ ላይ ያለው ደን መናገሻ ሱባ ይባላል። ይህን ደን በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ከታች ጥድና ዝግባ፣ ወይራም አሉበት፤ ከፍ ሲሉ ኮሶ ይገኛል፤ ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ግን ታላላቆቹ ዛፎች ይቀሩና አስታ የሚባለው ቍጥቋጦ ብቻ ይሆናል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ይታያል፤ ድኵላም በማለዳ ይወጣል።

አንድ መምህር በጥቅምት ወር 14 ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደዚህ ተራራ ወጡ። ከልጆቹ ታላቁ የሸማኔ ልጅ ነበረ፤ ዕድሜው 12 ዓመት ሆኖ እግሩ እጅግ ፈጣን ነው። ታናሺቱ ግን ገና 7 ዓመቷ ነበረ።

መምህሩ አስቀድመው ብዙ ተጠነቀቁ። በዋዜማው በክፍል ውስጥ የያንዳንዱን ልጅ ልብስና ጫማ መረመሩ። አዲስ ጫማ ያደረገውን ልጅ አሮጌውን እንዲያደርግ አዘዙት፤ አዲስ ጫማ በሩቅ መንገድ እግርን ውኃ ያስቋጥራልና። ጋቢ ያመጡትንም፣ «ጋቢያችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ ጋር የበግ ጠጕር ልብስ ጨምሩ» አሏቸው። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሳለ ያሞቃል፤ ከራሰ ግን ይከብዳል፣ ገላንም ያቀዘቅዛል። በርኖስና ባና የበግ ጠጕር ስለ ሆኑ ቢርሱ እንኳ ሙቀትን ፈጽመው አይለቁም። ለስንቅ ቆሎና ዳቦ፣ በሶም አስያዟቸው፤ ሕፃን በመንገድ ላይ ጥቂት በጥቂቱ እየበላ ይበረታል እንጂ አንድ ጊዜ ጠግቦ እስከ ማታ አይዘልቅም። የሚጠጣውም ውኃ ከቤት ፈልቶ የቀዘቀዘ ነበረ። የተራራ ምንጭ ለዓይን ጥሩ ቢሆን እንኳ ከብትና አውሬ ከላይ ይረግጠዋል።

ስለ ፍሬም አስተማሩ። እንጆሪና ቀጋ፣ የበሰለም አጋም የሚበሉ ናቸው፤ የእንቧይ ቢጫ ፍሬ ግን መርዝ ነው። ምሬንዝ የሚባለው ዛፍ ደግሞ ፍሬው አጋምን ይመስላል፤ አዳኞች ለፍላጻቸው መርዝ የሚያበጁት ከዚሁ እንጨት ነበረ። አጋም እሾህ አለው፤ ምሬንዝ እሾህ የለውም። መምህሩ ይህን ካስረዱ በኋላ፣ «ልዩነቱን ማወቃችሁ ደስ ይለኛል፤ ቢሆንም ለታላቅ ሰው ሳታሳዩ ምንም አትቅመሱ» አሉ።

ስለ እባብም ተናገሩ። በረጅም ሣር ውስጥ የሚሄድ ሰው በትር ይዞ ፊቱን እየመታ ይሂድ፤ እባብ የምድሩ መንቀጥቀጥ ሲሰማው ብዙውን ጊዜ ይሸሻል። ምናልባት ቢነድፍ ግን ቍስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድም አጥብቆ ማሰር ሐኪሞች የሚከለክሉት ነገር ነው። የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ይደገፋል፤ አልቦና አምባር፣ ቀለበትም ሳያብጥ ይወልቃል፤ ልጁም በሸክም ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል እንጂ በእግሩ እንዲሮጥ አይደረግም።

ከሁሉ በኋላ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ፊሽካ ሰጡና እንዲህ አሉ፦ «ከባልንጀሮቹ የተለየ ልጅ መንገድ ልፈልግ ብሎ አይሂድ። ባለበት ይቀመጥ፤ ሦስት ጊዜ ፊሽካውን ይንፋ፤ ጥቂት ዝም ብሎ ያድምጥ፤ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይንፋ። የሚፈልግና የሚፈለግ ሁለቱም ከተንቀሳቀሱ መገናኘት ጭንቅ ነው።»

በማግሥቱ ከጥዋቱ በ2 ሰዓት ከደኑ ግርጌ ተነሡ። አንድ አገሩን የሚያውቁ ሽማግሌ የደን ጠባቂ መሪ ሆነው ከፊት ሄዱ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተደለደሉ፤ ታናሺቱም የሸማኔው ልጅ ባልንጀራ ሆነች፤ እነርሱም ከሁሉ ኋላ ተሰለፉ። መምህሩ በሰልፉ መካከል ነበሩ።

የሸማኔው ልጅ በዚህ ነገር ቅር አለውና፣ «የኔታ፣ እኔ ከሁሉ እፈጥናለሁ፤ ስለ ምን ከኋላ ያደርጉኛል?» አለ።

መምህሩም፣ «ከኋላ ያደረግሁህ ስለምትፈጥን ነው። የደከመ ቢኖር ሮጠህ ልትነግረኝ ትችላለህ። ደግሞም አንተ ከኋላ ካለህ ከአንተ ኋላ የሚቀር ሰው የለም» አሉት። ልጁ ቃሉን ሰማ፤ ልቡ ግን ከፊተኞቹ ጋር ነበረ።

ሌላም አንድ ትእዛዝ ነበረ። የትም ቢደርሱ በ7 ሰዓት ፊታቸውን ወደ ታች ይመልሱ ዘንድ ከሽማግሌው ጋር ተስማምተው ነበር። መውጣቱ አምስት ሰዓት ከፈጀ መውረዱ ከሕፃናት ጋር አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የደከመ እግር በቍልቍለት ይሰናከላልና መውረድ ቀላል ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ጥዋቱ መልካም ሆነ። በመንገዳቸው አንድ ወንዝ አገኙ፤ ሽማግሌውም ልጆቹን አቁመው በበትራቸው ጥልቀቱን ለኩ፤ ከታናሺቱ ጕልበት በታች ሆኖ ባገኙት ጊዜ አሻገሯቸው። «ከዚህ ሰማዩ ብራ ሆኖ ሳለ ከላይ ዘንሞ ሊሆን ይችላል። ውኃው በድንገት ከደፈረሰና ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ ደራሽ ከኋላው አለ፤ ያን ጊዜ ወደ ዳር መሸሽ ነው» ብለው ነገሯቸው። ከወንዙ ማዶ አንድ ልጅ ሳማ ነካውና ጥቂት አለቀሰ። ጉሬዛም አዩ።

በ7 ሰዓት ከኮሶው ዛፍ በላይ፣ ከአስታው ቍጥቋጦ መግቢያ ደረሱ። ጫፉ በፊታቸው ቅርብ መስሎ ታየ። መምህሩ ሰዓታቸውን አይተው፣ «እንመለስ» ባሉ ጊዜ ልጆቹ ሁሉ፣ «የኔታ፣ ይኸው ደረስን! ጥቂት ብቻ ይጨምሩልን!» እያሉ ለመኗቸው። ሽማግሌው ወደ ሰማዩ ተመልክተው ዝም አሉ። መምህሩም ጫፉን ለማየት በልባቸው ይመኙ ነበርና፣ «እንግዲያስ ግማሽ ሰዓት» አሉ።

በዚህ ነገር መምህሩ ተሳሳቱ። የ7 ሰዓቱን ትእዛዝ በዋዜማው በጸጥታ ተቀምጠው፣ መንገዱንና ፀሐዩን አስበው ያወጡት ነበር፤ ግማሽ ሰዓቱን ግን የሰጡት በልጆች ጩኸት መካከል ነው። ተራራም ሰውን ያታልላል። ጫፍ የመሰለው ተረተር ሲደረስበት ከኋላው ሌላ ከፍታ አለ። እንዲሁ ሲሉ ግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ሆነ።

የሸማኔውም ልጅ ፊተኞቹ ሲሮጡ ባየ ጊዜ መታገሥ አቃተው። ታናሺቱን፣ «ቀስ እያልሽ ተከተዪን፤ መንገዱ ይህ ነው» ብሏት በአቋራጭ አልፎ ከፊት ተቀላቀለ። በቍጥቋጦው ውስጥ አንዱ ሌላውን አያይምና ከኋላ ማንም እንዳልቀረ መምህሩ አላወቁም።

በ8 ሰዓት ደመናው ጫፉን ሸፈነው፤ መብረቅም በራ። ሽማግሌው መቍጠር ጀመሩ፤ 15 ሲደርሱ ነጐድጓዱ ተሰማ። ሦስት በተቈጠረ ጊዜ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ ያ መብረቅ በአምስት ኪሎ ሜትር ርቀት ነበረ። ሁለተኛው ሲበራ ግን 9 ሲደርሱ ተሰማ። 30 ሳይቈጠር ነጐድጓድ ከተሰማ ከጫፍና ከገላጣ ተረተር ፈጥኖ መውረድ፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍም መራቅ ይገባል። ሽማግሌው፣ «ውረዱ!» ብለው ጮኹ። ሁሉም ወደ ኮሶው ደን ወረዱ፤ በዚያም ዛፎቹ ብዙና እኩያ በሆኑበት ዝቅተኛ ስፍራ ተራርቀው ተቀመጡ። መምህሩም ልጆቹን ቈጠሩ። 13 ሆኑ። ደግመው ቈጠሩ፤ 13 ሆኑ።

የሸማኔው ልጅ ፊቱ አመድ መሰለ። መምህሩ ግን በዚያ ሰዓት አልገሠጹትም፤ «በመጨረሻ ያየሃት የት ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁት። እርሱም፣ «ከትልቁ ቋጥኝ አጠገብ፣ ቀሚሷን እሾህ ይዞት ነበር» አለ። ልጆቹ ሁሉ እንፈልጋት ብለው ተነሥተው ነበር፤ መምህሩ ከለከሏቸው። ሕፃናት ተበታትነው ሕፃን ቢፈልጉ በአንድ ፈንታ ብዙ ይጠፋሉና። ስልካቸውን አውጥተው ወደ ደኑ ቢሮ ሊደውሉ ሞከሩ፤ በዚያ ስፍራ ግን ስልኩ አልሠራም። ስለዚህ 12ቱን ልጆች ለሽማግሌው አደራ ሰጥተው፣ የሸማኔውን ልጅ አስከትለው በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

ታናሺቱ ከባልንጀራዋ ከተለየች በኋላ ቀሚሷን ከቀጋው እሾህ ስታላቅቅ ቈየች። ቀና ስትል ማንም የለም። ተጣራች፤ ነፋሱ ድምፅዋን ወሰደው። ከዚያም የከብት መንገድ አይታ ጥቂት ሮጠች፤ መንገዱ ግን በሁለት ተከፈለና ቆመች። ያን ጊዜ የመምህሯ ቃል ትዝ አላት። ከዛፎቹ መካከል ከወደቀ ግንድ አጠገብ ተቀመጠችና ፊሽካዋን ሦስት ጊዜ ነፋች። ዝናሙ መጣ፤ ጋቢዋ ራሰ። በነጐድጓዱ መካከል ፈርታ አለቀሰች፤ ከስፍራዋ ግን አልተነሣችም።

መምህሩና ልጁ መቶ እርምጃ ያህል ይሄዱና ሦስት ጊዜ ፊሽካ ይነፉ ነበር፤ ከዚያም ትንፋሻቸውን ውጠው ያደምጣሉ። ብዙ ሰው የጠፋ ሲፈልግ መጣራት ብቻ ያውቃል፤ ዝም ማለቱን ይረሳል፤ መልሱ ግን በዝምታው ጊዜ የሚሰማ ነው። እንዲህ ሲያደርጉ ከ40 ደቂቃ በኋላ ከበስተ ግራ የቀጠነ የፊሽካ ድምፅ ሰሙ። ቀድሞ የሰማው የሸማኔው ልጅ ነበረ።

ባገኟት ጊዜ ከንፈሯ ጠቍሮ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ስትናገርም ምላሷ ይተሳሰር ነበር። ብርድ የጐዳው ልጅ ምልክቱ ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ዝም ይላል፤ ይሰናከላል፤ ጣቱ ቍልፍ መቈለፍ ያቅተዋል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከተወ ደግሞ ይብሳል እንጂ አልዳነም። መምህሩ የራሰውን ጋቢና ቀሚስ አወለቁላት፤ የሸማኔው ልጅ ደረቅ ሹራቡን አውጥቶ ሰጣት፤ ከዚያም በበርኖሳቸው ጠቅልለው ከደረታቸው ጋር አስጠጓት። ከፔርሙስ የሞቀ ሻይ በስኳር ጥቂት በጥቂቱ አጠጧት። እጅና እግሯን አላሹም፤ እሳትም አንድደው አላስጠጓትም። በርዶ የደነዘዘ ገላ ማቃጠሉን አያውቀውምና። ጥቂት ቈይታ ዳቦ ለመነች፤ መምህሩም ያን ጊዜ እንባቸው መጣ።

ከመጨረሻው ነጐድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ከሌሎቹ ጋር ተገናኝተው መውረድ ጀመሩ። መምህሩ ታናሺቱን በጀርባቸው አዘሏት። ወንዙ ከጥዋቱ ይልቅ ሞልቶ ስለ ነበረ በጥዋቱ መሻገሪያ አልተሻገሩም፤ ሽማግሌው በላይኛው መንገድ ወደ ድልድይ መሯቸው፤ ይህም አንድ ሰዓት ጨመረባቸው። ከደኑ ሳይወጡ ጨለመ። ሁለት የእጅ ባትሪ ነበራቸው፤ አንዱ ከፊት፣ ሁለተኛው ከኋላ ሆኖ፣ እየቈጠሩና እየቈሙ ሄዱ። ጅብ በሩቅ ሲጮኽ ይሰማ ነበር። ከምሽቱ በ1 ሰዓት ተኩል ከግርጌው ሲደርሱ ወላጆች በር ላይ ቆመው ነበር። መምህሩ ወደ ታናሺቱ እናት ቀርበው የሆነውን ሁሉ፣ ስለ ግማሽ ሰዓቱም ሳይቀር፣ ነገሯት።

በኅዳር ወር ደግሞ ወደዚያው ተራራ ሄዱ። ውርጭ ስለ ነበረ ሣሩ እስኪደርቅ ጠብቀው በ3 ሰዓት ተነሡ። የሸማኔው ልጅ ማንም ሳያዝዘው ከሰልፉ ኋላ ቆመ፤ ታናሺቱም ከፊቱ። በ7 ሰዓት ከኮሶው ዛፍ ሥር ደረሱ፤ ቆሎአቸውን በሉና ተመለሱ። የተራራውን ጫፍ በዚያ ዓመት ከመካከላቸው ያየው የለም።